ከውስጥ የሚላጥ ቀለም፦ የአንዲት የሐዋሳ የእንጨት ጀልባ የጉዳይ ጥናት

ጀልባዋ 6.2 ሜትር ትረዝማለች፤ ወገቧ ላይ 1.5 ሜትር ትሰፋለች። ጎኗና ወለሏ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ጣውላ፣ የውስጥ አጥንቶቿ ባሕር ዛፍ፣ ምስማሯ ተራ ብረት ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ለቆሮሶና ለአምባዛ መረብ ስትጥል የኖረች ናት። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ትቀባለች፤ በየዓመቱም ቀለሙ ገና ሳይሳሳ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት እየተነሳ ይረግፋል። ባለቤቷ ይዞት የመጣው ጥያቄ "የትኛው ፋብሪካ ቀለም ይሻላል?" የሚል ነበር። የየትኛውም ፋብሪካ ቀለም ያንን ጀልባ ከመላጥ አያድናትም ነበር።

ቀነ ገደቡ ጠባብ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ በዚያ ወቅት የቆመች ጀልባ ኪሳራ ናት። ስለዚህ ከጥምቀት ማግስት ወጥታ ጾሙ ሳይገባ ውሃ ላይ መመለስ ነበረባት። 21 ቀን ተመደበ።

የተላጠው የት ነው?

መፋቂያ ከመያዝ በፊት ግማሽ ቀን ለማየት ብቻ ዋለ። ቀለሙ የረገፈው መረብ በሚጎተትበት ጠርዝ ላይ ቢሆን፣ ወይም ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚመታው ጎን ብቻ ቢሆን፣ ነገሩ የመልበስ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። መረብ የሚፈትገው ጠርዝ ቀለሙ ሳስቷል እንጂ አልተነሳም። የረገፈው ከውሃው መስመር በላይ ባለው አንድ ስንዝር ያህል ቀበቶ ላይ፣ በምስማር ራሶች ዙሪያ፣ እና ጣውላዎቹ አፍንጫውና ጅራቱ ላይ በሚያልቁበት ቦታ ነው። ያበጠ የቀለም አረፋ በወስፌ ሲወጋ ውሃ ወጣ። የተነሳው ቅርፊት ጀርባው እርጥብ፣ ሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሮ የራሰ ነበር።

መልሱ ከውስጥ ተገኘ። የመርገጫ ሳንቃዎቹ ተነቅለው ሲታይ ሆዷ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ቆሟል፤ ከስፌቱ፣ ጣውላ ከጣውላ ከሚገጥምበት መስመር፣ የሚያልበው ከዓሣ ማጠቢያው ጋር ተደባልቆ፣ ከሳምንት ሳምንት ሳይደርቅ። እንጨት ይህን ውሃ ይጠጣል፤ በጣውላው ጫፍ በኩል ደግሞ ከፊቱ በብዙ እጥፍ ይጠጣል፣ ምክንያቱም የእንጨቱ ቧንቧዎች ተከፍተው የሚታዩት እዚያ ነው። ከቀትር በፊት ፀሐይ የውጩን ጎን ስታሞቅ የተጠጣው ውሃ ተን ሆኖ ወደ ሙቀቱ ይወጣል። ከፊቱ የሚጠብቀው ግን ተን በቀላሉ የማያሳልፍ፣ በላይ በላዩ የተደራረበ ሲንቴቲክ የዘይት ቀለም ነው። መውጫ ያጣ ተን ቀለሙን ከእንጨቱ ይገፈትረዋል። ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አረንጓዴ የተቀቡት ቦታዎች ከነጩ የባሰ የተላጡትም ለዚህ ነው፤ ይበልጥ ይሞቃሉ።

እንግዲህ አዲስ ቀለም መጨመር ግድግዳውን ማወፈር ነው። በየዓመቱ የተደረገውም ያ ነበር።

አሥራ ሦስት ቀለበት

የቀለሙን ታሪክ ለማንበብ ቀላሉ መንገድ ጎድጓዳ ማውጣት ነው። ደህና በሚመስል ቦታ ላይ የ1 ብር ሳንቲም የምታክል ክብ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እየነከሩ፣ እንጨቱ እስኪታይ ድረስ መሐሉን ጠለቅ ዳሩን ረጋ እያደረጉ መሞረድ። ሲታጠብ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ይወጣል። እዚች ጀልባ ላይ 13 ቀለበት ተቆጠረ። መሐል ላይ ቀይ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ከዚያ ሁለት ደማቅ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ እንደገና ቢጫ፣ ስድስተኛው ላይ እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር ነጭ፣ ከዚያ በላይ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ...

ስድስተኛው ነጭ የቤት ግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ነው። በውሃ ስለሚቀጠን ርካሽና ቀላል ነው፤ ምናልባትም ከቤት እድሳት የተረፈ። ከውሃ ጋር ለሚኖር ነገር የማይሆን ከመሆኑም ሌላ ከላዩ የመጡት ሰባት ንብርብሮች ሁሉ የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ጥፍር ሲገባበት ሰባቱም አንድ ላይ እንደ ካርቶን ይነሳሉ። ንብርብሩ ሁሉ ተደምሮ 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ወፈረ።

ቢጫው የበለጠ ያሳስባል። ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ዘይት ቀለሞች ለረጅም ጊዜ የተሠሩት በእርሳስ ክሮሜት፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ባለበት ማቅለሚያ፣ ነው። በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ ከ1 ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ቢጫ ንብርብር እርሳስ አለበት ብሎ መነሳት ይገባል። መመርመሪያ ካለ ይመርመር፤ ከሌለ እንዳለበት ቆጥሮ መሥራት ነው። እዚህም የተደረገው ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን አሠራር ሁሉ የወሰነውም ይህ ነው።

ምክንያቱም ቦታው ሐዋሳ ነው። ጀልባ በሚጠገንበት ዳርቻ ዓሣ ይበለታል፣ ይጠበሳል፣ ጥሬውንም ቆሞ የሚበላ አለ፤ ልጆችም በባዶ እግራቸው ይሯሯጣሉ። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ወንዝ ሆኖ የሚወጣበት በር የለውም። የገባበት እርሳስ የትም አይሄድም።

በመጀመሪያ በትንሹ

ዘዴ ከመምረጥ በፊት በግራ ጎኗ ላይ እያንዳንዱ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት መስኮት በጠመኔ ተሰመረ።

አንደኛው በመፋቂያ ብቻ። ስል የብረት መፋቂያ፣ ከታች ከላይ ሳይሆን በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ። ሰባቱ የላይ ንብርብሮች በደቂቃ ወረዱ፤ ከፕላስቲኩ በታች ያሉት ግን ድንጋይ ሆነው ተገኙ። 45 ደቂቃ ፈጅቶ ቢጫው አልወጣም።

ሁለተኛው በኮስቲክ ሶዳ። በ1 ሊትር ውሃ 100 ግራም ሶዳ፣ በፉርኖ ዱቄት ሊጥ ተደርጎ ተቀባ። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይደፋም፤ አለበለዚያ ፈልቶ ፊት ላይ ይፈናጠራል። ለቀለሙ ግሩም ነው፤ በ40 ደቂቃ አብዛኛው እንደ ገንፎ ለሰለሰ። ዋንዛውን ግን አጠቆረው፣ ላዩንም እንደ ጥጥ አፈዘዘው። አምስት ጊዜ ታጥቦ እንኳ ጣት ላይ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ያ የቀረው ሶዳ አዲሱን ዘይት ቀለም ከሥሩ ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ለእንጨቱ ተጣለ። የብረት ቀለበቶችንና ማሰሪያዎችን ነክሮ ለማጽዳት ግን ተቀመጠ። አሉሚኒየም የሆነ ነገር እንዳይነከርበት፤ ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል።

ሦስተኛው በፍሌክሲብል (በሚሽከረከረው የኤሌክትሪክ መሞረጃ) ላይ በተገጠመ የሽቦ ብሩሽ ሊሆን ነበር፤ ሳይጀመር ቀረ። ጅራቱ ላይ ከዓመታት በፊት በዚህ መሣሪያ የተሠራ ቦታ ነበር፤ የጣውላው ለስላሳ ጭረት ተበልቶ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቦይ ሠርቷል። ያ የእንጨት ጉዳት ነው። የእርሳስ ብናኙ ደግሞ ሃያ ሜትር ይበተናል። በዚህ ሥራ ላይ ለፍሌክሲብል ቦታ የለም፤ ፈጣን ነው የሚለው ክርክርም አያሳምንም።

አራተኛው በሂት ጋን፣ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ሙቅ አየር በሚተፋው ማሽን፣ 350 ዲግሪ ላይ ተደርጎ። አፉ ከቀለሙ 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከ8 እስከ 10 ሴኮንድ ሲያርፍ ቀለሙ ያብጥና ይለሰልሳል፤ መፋቂያው ወዲያው ከኋላ ይከተላል። አሥራ ሦስቱም በአንድ ላይ እንደ ቆዳ ተጠቅልለው ወጡ። 11 ደቂቃ። ተመረጠ። ችቦና የጋዝ ነበልባል ግን ፈጽሞ አይሞከሩም፤ ነበልባል እርሳሱን ጢስ አድርጎ ሳንባ ውስጥ ያስገባል። በሂት ጋንም ቢሆን ቀለሙ ጢስ ካወጣ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ከ400 ዲግሪ በላይ መውጣት አያስፈልግም።

ዝግጅቱና ፋቁ

ጀልባዋ ከውሃው 40 ሜትር ርቃ፣ ዓሣ ከሚበለትበት በተቃራኒ በኩል፣ በአራት የእንጨት መቀመጫ ላይ ተገልብጣ ተቀመጠች። ከሥሯ ከየአቅጣጫው 2 ሜትር የሚተርፍ ሸራ ተዘረጋ፤ ዳር ዳሩ በድንጋይ ሳይሆን በአሸዋ ጆንያ ተያዘ፣ ድንጋይ ክፍተት ይተዋል። ዙሪያው በገመድ ታጠረ። ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያሞቃል፣ ሌላው ይፍቃል፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየራሉ። ሁለቱም የፊት ግማሽ የሚሸፍን ባለ ማጣሪያ ማስክ አደረጉ። የጨርቅም ሆነ ሰማያዊው የሕክምና ማስክ ለዚህ ሥራ ዋጋ የለውም። ሸራው ላይ ምግብ፣ ቡናና ሲጋራ ክልክል፤ የሥራ ልብስ እዚያው ወልቆ በጆንያ ይቀራል እንጂ ቤት አይሄድም።

ማሽኑ 2000 ዋት ስለሚስብ 2.5 ኪሎ ቮልት አምፔር ጀነሬተር ተከራዩለት፤ ከዚያ ያነሰው ይንተፋተፋል። የጎኖቿ ስፋት 7 ካሬ ሜትር ነው። በሰዓት ግማሽ ካሬ ሜትር፣ በቀን 5 ሰዓት፣ ሦስት ቀን ወሰደ። ሥራው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ይቆማል፤ ነፋስ ሙቀቱንም ይሰርቃል፣ ቅርፊቱንም ይበትናል።

መፋቂያው በየ20 ደቂቃው በሞረድ ተሳለ። የደነዘ መፋቂያ ሰው ጉልበት እንዲጨምር ያደርገዋል፣ ጉልበት ደግሞ ጥግ ጥጉን እንጨቱ ውስጥ ይቀብራል። ማዕዘኖቹን ቀድሞ ትንሽ ማክበብ ከዚህ ያድናል። የምስማር ራሶች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብረቱ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ እንጨቱ ስለሚያስገባ ዙሪያው ቶሎ ያራል። እዚያ ማሽኑ አያርፍም፣ ያልፋል ብቻ።

የወረደው ቅርፊት ሲመዘን ከጎኖቹ ብቻ 7 ኪሎ ሆነ፤ በካሬ ሜትር 1 ኪሎ። 0.65 ሚሊ ሜትር ውፍረትና የቀለም ክብደት ሲሰላ የሚመጣውም ይኸው ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ብዙ አልቀረም ማለት ይቻላል። ማንኛውም ሥራ ሲያልቅ ይህን ሒሳብ ማድረግ ጥሩ ነው፤ የተመዘነው ከተሰላው በብዙ ካነሰ፣ ቀሪው አፈሩ ውስጥ ነው።

ሁለት ነገር ተበላሸ

በሁለተኛው ቀን ሥራ ከቆመ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከአንዱ ስፌት ቀጭን ጢስ ታየ። ስፌቱ ውስጥ የተወተፈው አሮጌ ጥጥ ዘይት ጠጥቶ የኖረ ነው፤ ሙቀቱ ውስጥ ለውስጥ አቀጣጥሎታል። ነበልባል የለውም፣ ከላይ ሲታይም ምንም የለም። በወስፌ ተከፍቶ ውሃ ተደፋበት፤ ጣውላው አንድ ጣት ያህል ከመክሰል በቀር አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ከቆመ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰው እንዲጠብቅ ተደረገ፤ ስፌቶቹም ከማሞቅ በፊት በውሃ ረጠቡ።

ሁለተኛው የሬንጅ ነገር ነው። ወለሏ፣ 5 ካሬ ሜትር ያህል፣ ቀለም ሳይሆን ሬንጅ የተቀባ ነው። እዚያ ላይ ሂት ጋን ሲሞከር ሬንጁ ቀልጦ ወደ ጎኑ ወረደና የእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ሰረገ፤ አንድ ክንድ ያህል ቦታ እስከመጨረሻው ቡናማ ሆነ። ሬንጅ በሙቀት ሳይሆን በብርድ ነው የሚነሳው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ሳይለቀው፣ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ መፋቂያው ጠፍጠፍ ተደርጎ በመዶሻ ቀስ ሲመታ በሰሌዳ ይነሳል። ረፋድ 3 ሰዓት ካለፈ ማስቲካ ነው። ሁለት ንጋት በቃው። የቀረው ፊልም በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ተጠረገ።

ፋቁ ካለቀ በኋላ የብርጭቆ ወረቀቱ 60 ከዚያ 80 ቁጥር ብቻ ነው፤ በመርጫ ውሃ እየራሰ፣ በእጅ። በ120 ማለስለስ የቤት ዕቃ ሥራ ነው፤ ለጀልባ ቀለም የሚይዝበት ሻካራ ያስፈልጋል። የሚጠረግበት ውሃ በወፍራም ጨርቅ ተጠልሎ ዝቃጩ ከቅርፊቱ ጋር ተከማቸ። ሁሉም በመጨረሻ በተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ በሦስት እጥፍ ሲሚንቶ ተለውሶ ደረቀ። አደገኛ ቆሻሻ የሚረከብ ተቋም በቅርብ በሌለበት ይህ ከማቃጠልም ከመቅበርም ይሻላል።

ለቀለም መድረቅ፣ ለስፌት አለመድረቅ

እዚህ ሁለት ፍላጎት ይጣላሉ። እርጥብ እንጨት ቀለም አይዝም፤ በጣም የደረቀ ጣውላ ደግሞ ይኮማተርና ስፌቱ ይከፈታል። ባዶዋን የጥር ፀሐይ ላይ የተተወች ጀልባ በሳምንት ውስጥ ስፌቷ የመጻፊያ እርሳስ የሚያስገባ ይሆናል። ስለዚህ ጥላ ተሠራላት፤ ከላይ ቆርቆሮ ሳይሆን ሣር፣ ጎኑ ክፍት።

መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ፌስታል ይበቃል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያው በፕላስተር ታሽጎ እንጨቱ ላይ ያድራል። ጠዋት ውስጡ ላብ ካለው ገና ነው። ከውሃው መስመር በላይ ያሉት ጣውላዎች በ6ኛው ቀን ደረቁ፤ ከአፍንጫው አጠገብ ያለው ግን እስከ 9ኛው ቀን ላበ። እሱን ለመጠበቅ ሦስት ቀን ባከነ ማለት አይደለም፤ ያ ጣውላ ነበር ባለፈው ዓመት መጀመሪያ የተላጠው።

በዚሁ መሐል ጣውላዎቹ ሁሉ በወስፌ ተወጉ። ደህና እንጨት ወስፌውን ይመልሳል፣ የበሰበሰ ይውጠዋል። አንድ የ40 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ተቆርጦ ተተካ። ስፌቶቹ ውስጥ ከተገኘው የግድግዳ ስቱኮ ጋር ግን ብዙ ትግል ነበር፤ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል፣ ሲፈርስም ቦታ ይዞ ጥጡን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ሙሉ በሙሉ ተጭሮ ወጣ። ስፌቱ መጀመሪያ በቀጠነ ፕራይመር (ከሥር በሚቀባ መነሻ ቀለም) ተቀባ፤ አለበለዚያ ደረቁ እንጨት የሚሞላውን አዲስ ስቱኮ ዘይት መጦ ያደርቀዋል። ከዚያ አዲስ ጥጥ ሳይጠብቅ ተወትፎ፣ ከተልባ ዘይትና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት የተለወሰ የመስታወት ስቱኮ ተሞላ፤ ከጣውላው ፊት ትንሽ ጎድጎድ ብሎ፣ ጣውላው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ የሚገፋው ቦታ እንዲኖር።

ቀለሙ

በመጀመሪያ የጣውላ ጫፎች። እነሱ ብቻ ሦስት ጊዜ፣ እስኪጠግቡ ድረስ፣ በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ሩብ በቀጠነ ፕራይመር። ከዚያ መላው ጎን ሁለት ጊዜ በአሉሚኒየም ቀለም፣ ያ ብርማው። የአሉሚኒየሙ ቅንጣቶች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ስለሚተኙ ውሃንም ሬንጅንም ያዘገያሉ፤ ሬንጅ በሰረገበት ቦታ ላይ ቀጥታ ነጭ ሲንቴቲክ ቢቀባ አኳራጁ ሬንጁን አሟሙቶ ቡናማ አድርጎ ያወጣዋል። በመጨረሻ ሁለት እጅ ሲንቴቲክ፣ በመሐሉ 24 ሰዓትና በ180 ቁጥር ቀላል ፍቅ። ለ7 ካሬ ሜትር ሁለት እጅ 1.3 ሊትር ሄደ። ቀለሙ ነጭና ፈዛዛ ሰማያዊ ሆነ፤ ባለቤቷ ጥቁር አረንጓዴ ፈልጎ ነበር፣ የሙቀቱ ነገር ሲነገረው ለቀቀ። ወለሉ ተመልሶ ሬንጅ ተቀባ፤ እዚያ ሬንጅ ሥራውን ያውቃል፣ የሚያጣላው ከቀለም ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው።

ውስጧ ግን ሲንቴቲክ አልተቀባም። ሆዷ ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ በአኳራጅ እኩል ለእኩል የቀጠነ የተልባ ዘይት አንድ ጊዜ ተቀብቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉ ተጠረገ። ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንት ስለሚፈልግ ይህ ከሁሉም ቀድሞ በ8ኛው ቀን ተሠራ። የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማትሮ አይጣልም፤ ራሱን በራሱ ያቃጥላል፣ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። ጅራቱ ላይ ወደ ውጭ የሚከፈት ባለ ጠመዝማዛ ክዳን 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተበሳ፤ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ስትወጣ ሆዷ በራሱ እንዲፈስ። የመርገጫ ሳንቃዎቹ ምስማራቸው ወጥቶ በእጅ የሚነሱ ሆኑ። ለቀለሙ ዕድሜ ይህ ቀዳዳና እነዚያ የሚነሱ ሳንቃዎች ከሁለቱ እጅ ሲንቴቲክ ይበልጣሉ።

በ20ኛው ቀን ውሃ ላይ ወረደች፤ በመጀመሪያው ሌሊት አሥር ባልዲ ያህል አስገባች፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው ጣውላው አብጦ ስፌቱ ገጠመ።

ክረምቱ አልፎ በጥቅምት ስትታይ የውሃ መስመሩ ቀበቶ አልተነሳም። የተገኘው ሁለት ነገር ነው። አፍንጫው ላይ ገመድ የሚፈትገው አንድ የጣውላ ጫፍ ተልጧል፤ የሚገባው የመዳብ ወይም የጎማ መከለያ ነበር፣ ሳይደረግለት ቀርቷል። ሬንጁ የቀለጠበት ቦታ ላይ ደግሞ በነጩ ቀለም መሐል የመዳፍ ስፋት ያለው ቡናማ ጥላ ወጥቷል፤ ሁለት እጅ አሉሚኒየም አልበቃውም፣ ሦስተኛ ይፈልግ ነበር።